ጃዝ ፒያኖ ለሁለት፦ በሦስት እጅ ጀምሩ

ሐዋሳ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት ብዙ ነው። ብዙዎቹ ያደጉት ከመዘምራን ጋር ነው። ጆሯቸው ፈጣን ነው፤ መዝሙር ሲነሳ ኮርዱን ወዲያው ያገኙታል። ጃዝ ሲጀምሩ ግን ይቸገራሉ። ከጓደኛ ጋር ሆነው ለሁለት ሲሞክሩ ደግሞ ይብስባቸዋል።

ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ሁለቱም ሁሉንም ነገር ስለሚጫወቱ ነው። ሁለቱም ቤዝ ይመታሉ፣ ሁለቱም ኮርድ ይሞላሉ፣ ሁለቱም ክፍተት ባዩ ቁጥር ጌጥ ይጨምራሉ። የሚወጣው ድምፅ ጭቃ ይሆናል። እኔና ጓደኛዬም ለወራት የደከምነው በዚህ ነው። የተፈታልን አንድ እጅ ያሳረፍን ቀን ነው።

ስለዚህ ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ እስከ ደረጃ 6 መጨረሻ የሚጫወተው ሦስት እጅ ብቻ ነው። አራተኛው እጅ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። አንዱ እጅ ቤዝ፣ አንዱ ኮርድ፣ አንዱ ዜማ።

## ከመቀመጣችሁ በፊት

መመሪያው መካከለኛ ደረጃ ላይ ላላችሁ ነው። የሲ፣ የኤፍና የጂ ሜጀር ስኬሎችን ሳታዩ መጫወት አለባችሁ። ባለ ሰባት ኮርድ ምን እንደሆነም ማወቅ አለባችሁ። ኖታ ማንበብ ግን የግድ አይደለም።

ነጫጮቹን ቁልፎች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ብለን እንጠራቸዋለን። «ኢ» እና «ኤ» እንዳይምታቱባችሁ፤ ኢ ከኤፍ በፊት ያለው ነው፣ ኤ ከጂ በኋላ ያለው። «ፍላት» ስል ከተጠራው ነጭ ቁልፍ በስተግራ ያለው ጥቁር ቁልፍ ነው። «ባር» ስል ደግሞ አራት ምት ማለቴ ነው።

ስታይሉን፣ ማለትም ኪቦርዱ በራሱ የሚመታውን አጃቢ፣ ዝጉ። ይህን በቀላሉ አትለፉት። ስታይል ከፍቶ ያደገ ተጫዋች ግራ እጁ ሦስት ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ብቻ ነው የለመደው። ቤዙንም ከበሮውንም የሚመታለት ማሽኑ ነው። ለሁለት መጫወት የሚጠቅማችሁ ማሽኑ የያዘውን ሥራ ሰው ስለሚረከበው ነው። ስታይሉ ከተከፈተ ሁለታችሁም ማሽኑን ታጅባላችሁ እንጂ እርስ በርስ አትደማመጡም።

ትራንስፖዝን፣ ማለትም የሁሉንም ቁልፍ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን፣ ወደ 0 መልሱ። ሁሉንም መዝሙር በሲ ተጫውቶ ቀሪውን በትራንስፖዝ መጨረስ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እዚህ የምንሠራው በኤፍ ነው፤ በእጃችሁ ሥሩት። በሁለት ኪቦርድ የምትለማመዱ ከሆነ ደግሞ አንዱ ትራንስፖዝ ላይ ተረስቶ ሌላው 0 ከሆነ ግማሽ ሰዓት «ምንድነው የሚጋጨው?» ስትሉ ታልፋለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ ሁለታችሁም መሃል ሲን ምቱ። አንድ ድምፅ ከሆነ ቀጥሉ።

ፔዳሉን ነቅላችሁ አስቀምጡት። ጃዝ ላይ ምቱን ያደበዝዛል። በዚያ ላይ አንዳንድ ኪቦርዶች በአንድ ጊዜ 32 ድምፅ ብቻ ነው የሚችሉት። ፔዳል ተረግጦ ሁለት ሰው ከተጫወተ የቆዩት ድምፆች መሃል ላይ ይቆረጣሉ። ወደፊት ስትሰኩት ኪቦርዱን ከማብራታችሁ በፊት ይሁን፣ ስታበሩም አትርገጡት። ከረገጣችሁት አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ተገልብጦ ይሠራል፤ ያኔ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩ።

አቀማመጥ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ግን ክርን ይጋጫል። አንድ አግዳሚ ላይ አትቀመጡ። ሁለት ወንበር ይኑር፤ ግራ ያለው ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀኝ ያለው ትንሽ ወደ ቀኝ ይዙር። ቁመቱን አስተካክሉ፤ ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። ከዚህ በኋላ ግራ ያለውን «ታችኛው»፣ ቀኝ ያለውን «ላይኛው» እላለሁ።

አንዳንድ ኪቦርድ «ዱኦ» የሚባል አሠራር አለው። ቁልፎቹን ለሁለት ይከፍልና ለሁለቱም ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። 61 ቁልፍ ላይ አትጠቀሙበት፤ ለአንድ ሰው 30 ገደማ ቁልፍ ብቻ ይቀራል፣ ቤዙም ጥልቀት ያጣል።

መብራት ሊሄድ ስለሚችል ደረጃ 1ን ሁልጊዜ በልባችሁ ያዙት። እሱ ኪቦርድ አይፈልግም።

## ደረጃ 1፦ ቅርጹን በእግርና በአፍ

የምንሠራው ባለ 12 ባር ብሉዝ በኤፍ ነው። ኮርዶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ባር 1፦ ኤፍ 7
- ባር 2፦ ቢ-ፍላት 7
- ባር 3 እና 4፦ ኤፍ 7
- ባር 5 እና 6፦ ቢ-ፍላት 7
- ባር 7 እና 8፦ ኤፍ 7
- ባር 9፦ ጂ ማይነር 7
- ባር 10፦ ሲ 7
- ባር 11፦ ኤፍ 7
- ባር 12፦ ሲ 7

12ቱ ባር አንድ ዙር ነው።

1. ወደ ፍቅር ሐይቅ ወይም ወደሚመቻችሁ መንገድ ውጡ። ጎን ለጎን ሂዱ።
2. አንድ እርምጃ አንድ ምት ነው። አራት እርምጃ አንድ ባር።
3. በየባሩ መጀመሪያ የኮርዱን ስም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ያጨብጭብ።
4. በየዙሩ ተለዋወጡ።

ሳትቆሙ 5 ዙር ከጨረሳችሁ ወደ ቁልፍ ሂዱ። ከጠፋችሁ አትከራከሩ፤ ቁሙና ከባር 1 ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚጠፋው ባር 7 እና 8 ላይ ነው፤ ኤፍ ሲረዝም ባሩን መቁጠር ይረሳል። እዚያ ስትደርሱ «ሰባት»፣ «ስምንት» ብላችሁ ቁጥሩን ጥሩ።

ቅርጹን ያልያዙ ሁለት ሰዎች ኪቦርድ ላይ ሲቀመጡ እርስ በርስ መሳሳታቸውን እንኳ አያውቁም። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ደረጃ 5 ላይ ተመልሶ ይመጣል።

## ደረጃ 2፦ ቤዝ ብቻ

ታችኛው በግራ እጁ ብቻ ይጫወታል። በየምቱ አንድ ድምፅ። ላይኛው ሁለትና አራት ላይ ያጨበጭባል፤ ሌላ ምንም አይነካም።

ኪቦርዱ ላይ ከታች ያለውን የመጀመሪያ ኤፍ ያዙና ይህን ተጫወቱ፦

1. ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቢ
2. ቢ-ፍላት፣ ኤ-ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ-ፍላት
3. ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ
4. ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቢ
5. ቢ-ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ-ፍላት፣ ኤ
6. ቢ-ፍላት፣ ኤ-ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ-ፍላት
7. ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ
8. ኤፍ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤ-ፍላት
9. ጂ፣ ኤ፣ ቢ-ፍላት፣ ቢ
10. ሲ፣ ቢ-ፍላት፣ ጂ፣ ጂ-ፍላት
11. ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ
12. ሲ፣ ቢ-ፍላት፣ ጂ፣ ጂ-ፍላት

አራተኛውን ምት ልብ በሉ። ኮርዱ ሊቀየር ሲል አራተኛው ድምፅ ከሚመጣው ኮርድ መነሻ ግማሽ እርምጃ፣ ማለትም አንድ ቁልፍ (ጥቁሩም ይቆጠራል)፣ ብቻ ይርቃል፤ ከላይ ወይም ከታች። ባር 1 ላይ ቢ ወደ ቢ-ፍላት ይወርዳል። ባር 9 ላይ ቢ ወደ ሲ ይወጣል። ቤዙ «የሚሄድ» የሚመስለው በዚህ ነው። ይህ ከገባችሁ በኋላ የራሳችሁን መስመር መሥራት ትችላላችሁ፦ ምት 1 ላይ የኮርዱ መነሻ፣ ምት 4 ላይ የግማሽ እርምጃ ጎረቤት፣ መሃል ላይ የኮርዱ ድምፆች።

ድምፆቹን አትቁረጧቸው። እያንዳንዱ ቀጣዩ እስኪመጣ ይቆይ። እየዘለለ የሚሰማ ከሆነ ጣታችሁን ቶሎ እያነሳችሁ ነው።

ፍጥነት፦ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 40 ላይ አድርጉትና ድምፁን እንደ ምት 2 እና 4 ስሙት። ትክክለኛው ፍጥነት 80 ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ጆሮ ድምፁን «አንድ» ብሎ ሊይዘው ይሞክራል። ሜትሮኖሙ ሲመታ «ሁለት» በሉ፣ ቀጥሎ «ሦስት»፣ ከዚያ ሲመታ «አራት»። ቆጠራው ከተረጋጋ በኋላ ቤዙን አስገቡ።

በየ10 ደቂቃው ወንበር ተለዋወጡ። ይህ በሁሉም ደረጃ ላይ ይሠራል። «እኔ ቤዝ አይመቸኝም» የሚል ሰው ቤዝ ላይ ይቆይ።

## ደረጃ 3፦ ሁለት ድምፅ ያለው ኮርድ

አሁን የታችኛው ቀኝ እጅ ይገባል። ሙሉ ኮርድ አትያዙ። መነሻውን ቤዙ ይዞታል። የሚያስፈልገው ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ብቻ ነው። ከመሃል ሲ በታች እንዲህ ያዙ፦

- ኤፍ 7፦ ኢ-ፍላት እና ኤ
- ቢ-ፍላት 7፦ ዲ እና ኤ-ፍላት
- ጂ ማይነር 7፦ ኤፍ እና ቢ-ፍላት
- ሲ 7፦ ኢ እና ቢ-ፍላት

ከኤፍ 7 ወደ ቢ-ፍላት 7 ሁለቱም ጣት ግማሽ እርምጃ ይወርዳል። ከኤፍ 7 ወደ ሲ 7 ሁለቱም ግማሽ እርምጃ ይወጣል። እጅ የትም አይሄድም። መዝሙር ላይ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር እጃችሁን መወርወር ለምዳችሁ ከሆነ፣ ይህን ስታዩ ትገረማላችሁ።

መጀመሪያ በየባሩ ምት 1 ላይ አንዴ ምቱና ያዙት። ቤዙ ከተሰናከለ ኮርዱን ተዉት። ቤዙ መቼም አይቆምም።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ሁለት ድምፆች አንድ ኦክታቭ ወደ ታች አታውርዷቸው። እዚያ ሲሆኑ ይጎረብጣሉ እንጂ አይሰሙም።

## ደረጃ 4፦ ስዊንግ

አንዱን ምት ለሦስት ክፈሉ። በየምቱ «ሐ-ዋ-ሳ» በሉ፤ እግር «ሐ» ላይ ይርገጥ። አሁን «ዋ»ን በሆዳችሁ አድርጉና «ሐ» እና «ሳ» ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ስዊንግ ይህ ነው።

ችክችካ ያደመጠ ጆሮ ለሦስት መክፈልን ያውቀዋል፤ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ተጠንቀቁ። ቤዙ በየባሩ አራት እኩል እርምጃ መሄዱን ካቆመና ትከሻ መነቅነቅ ከጀመረ ወደ ችክችካ ገብታችኋል። ያኔ ላይኛው ሁለትና አራት ላይ ጠንክሮ ያጨብጭብ፤ ወዲያው ይመለሳል።

ቀጥሎ ኮርዱን አንቀሳቅሱ። «አንድ-ና ሁለት-ና ሦስት-ና አራት-ና» ብላችሁ ቁጠሩ። ኮርዱን «አንድ» ላይ እና ከሁለት በኋላ ባለው «ና» ላይ ብቻ ምቱ። «ና» የምትለዋ ከ«ሳ» ጋር እኩል ትውላለች። «ና» ላይ ያለው አመታት አጭርና ቀላል ይሁን። ይህ ቻርልስተን የሚባለው አመታት ነው፤ ለአንድ ወር እሱ ብቻ ይበቃችኋል።

እጆቹ ካልተስማሙ ኪቦርዱን ዝጉትና ጉልበታችሁ ላይ ምቱት። ግራ አራት፣ ቀኝ ሁለት። ጉልበት ላይ ያልሆነ ነገር ቁልፍ ላይ አይሆንም።

## ደረጃ 5፦ ሦስተኛው እጅ፣ ዜማ

ላይኛው አሁን በቀኝ እጁ ይገባል። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው።

ዜማውን ራሳችሁ ሥሩት። የባቲ ማይነርን ድምፆች ከኤፍ ጀምሩ፦ ኤፍ፣ ኤ-ፍላት፣ ቢ-ፍላት፣ ሲ፣ ኢ-ፍላት። ብሉዝ ላይ የሚሠራው ስኬል ይኸው ነው፤ በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ከነዚህ ውስጥ አራት ወይም አምስት ድምፅ ያላት አጭር ሐረግ ውሰዱ። ሁለት ባር ትጫወቷታላችሁ፣ ሁለት ባር ዝም ትላላችሁ። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ትደገማለች። ኮርዱ ቢቀየርም ሐረጓን አትቀይሯት።

ሁለቱ የዝምታ ባሮች ናቸው አስቸጋሪዎቹ። እጅ ይበላል። አትሙሉት። ታችኛው በዚያ ክፍተት ኮርዱን ትንሽ ጎላ ያድርገው፤ ውይይቱ እዚያ ነው የሚጀመረው።

ላይኛው ከመሃል ሲ ሁለት ነጭ ቁልፍ በላይ፣ ማለትም ከኢ ጀምሮ ይጫወት። ከዚያ ከወረደ ከታችኛው ቀኝ እጅ ጋር ይጋጫል።

## ደረጃ 6፦ ቅብብል

«ተቀበል!» የሚለውን አዝማሪ ቤት የሰማ ሰው ይህን ደረጃ አስቀድሞ ይረዳዋል። አራት ባር አንዱ፣ አራት ባር ሌላው።

1. ላይኛው ባር 1 እስከ 4 ከባቲ ድምፆች እየፈጠረ ይጫወታል።
2. ባር 5 እስከ 8 ታችኛው ኮርዱን ትቶ በቀኝ እጁ ይመልሳል። ላይኛው እጁን ያነሳል። ቤዙ ብቻ ይቀጥላል፤ ይበቃል።
3. ባር 9 እስከ 12 ላይኛው ይቀበላል።

12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ዙር የሚጀምረው ታችኛው ነው። ብዙ ጥንዶች የሚጋጩት እዚህ ነው፤ ላይኛው «ዙር ተጀመረ» ብሎ ይገባል። ተራው በየዙሩ እንደሚገለበጥ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

የራስን ቤዝ እየመቱ መፍጠር ከባድ ነው። ታችኛው ተራው ሲደርስ ቤዙን ወደ ምት 1 እና 3 ይቀንስ። ተራው ሲያልቅ ወደ አራት ይመለስ።

ምን ልጫወት የሚል ጥያቄ ሲመጣ፦ የጓደኛችሁን የመጨረሻ ሦስት ድምፅ ደግማችሁ ጀምሩ። ይህ ካደረጋችሁት ነገር ሁሉ በላይ ጆሮ ያሠለጥናል፤ ለመድገም መስማት አለባችሁና። ተራውን እየጠበቀ የራሱን ሐረግ በሆዱ የሚያዘጋጅ ሰው ይታወቃል። መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም።

ከብሉዝ ወጥታችሁ ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7 ላይ ስትለማመዱ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ይረዳችኋል። በዲ ማይነር ላይ የኤፍን ትዝታ (ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ)፣ በጂ 7 ላይ የጂን (ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ)፣ በሲ ላይ የሲን (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ተጫወቱ። የሲን ትዝታ ሦስቱም ላይ አትዘርጉት። ጂ 7 ላይ ሲ የምትለዋ ድምፅ ከቢ ጋር ትጋጫለች።

## ደረጃ 7፦ አራተኛው እጅ

አራተኛው እጅ የሚገባው ሌላ እጅ ሲያርፍ ነው። ሥራ ይተላለፋል እንጂ አይደገምም።

የላይኛው ግራ እጅ ኮርዱን ሲረከብ የታችኛው ቀኝ እጅ ይነሳል። አሁን ባለ አራት ድምፅ ኮርድ መያዝ ትችላላችሁ። ለዲ ማይነር ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ለጂ 7 ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ። ለሲ ሜጀር ኢ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ። መነሻቸው የለም፤ ቤዙ ይዞታል። ርክክቡ የዙር መጀመሪያ ላይ ይሁን። መሃል ላይ ከሆነ እጅ ይደራረባል።

አራቱም እጅ አንድ ላይ የሚጫወቱበት ቦታ አለ፤ መጨረሻው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

## ሲበላሽ

አንዱ ከጠፋ። ቤዝ የያዘው አይቆምም። የጠፋው እጁን ያነሳል፣ ይሰማል። ቤዝ የያዘው ባር 1 ላይ «አንድ!» ይላል። የጠፋው እዚያ ይገባል። ቤዙ ራሱ ከጠፋ ሁለታችሁም ቁሙ።

ፍጥነቱ ከጨመረ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ላይኛው ነው፤ ሲደሰት ይሮጣል፣ ታችኛው ይከተለዋል። ታችኛው አይከተል። ሜትሮኖሙን አብሩና እንደገና በ2 እና 4 ሥሩ።

ድምፁ አሁንም ጭቃ ከሆነ። በስልክ አንድ ዙር ቅዱ። ስታዳምጡ እጆቹን ቁጠሩ። አራት ካገኛችሁ ምክንያቱን አገኛችሁ። ሦስት ከሆኑ ኮርዱ ወርዶ ይሆናል።

ቤዙ ዜማውን ከሸፈነ። በአንድ ኪቦርድ ላይ ታችኛው ግራ እጁን ያቅልል። ቁልፉ በአመታት ኃይል ድምፅ የማይለይ ከሆነ ሁለት ኪቦርድ ተጠቀሙና የቤዙን ቮልዩም ቀንሱ።

የእውነት ፒያኖ ካገኛችሁና ከኪቦርዱ ጋር ካልተስማማ። ፒያኖው ወርዶ ይሆናል። ኪቦርዱ ኤ የምትለዋን ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። ቱኒንጉን ትንሽ በትንሽ ወደ ፒያኖው አውርዱት። በትራንስፖዝ አትሞክሩ፤ እሱ ግማሽ እርምጃ ይዘላል።

ጓደኛችሁ ሻሸመኔ ወይም ሌላ ከተማ ከሆነ። በስልክ ጥሪ አብሮ መጫወት አይሆንም፤ ድምፁ ይዘገያል። አንዱ 10 ዙር ቤዝ ቀድቶ በቴሌግራም ይላክ። ሌላው በላዩ ይለማመድ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራ ቀይሩ። ስትገናኙ ያንኑ በአካል ሥሩት።

## አጨራረስ

ጥሩ ተጫውተው መጨረስ ያቃታቸው ብዙ ናቸው። አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል። እንዲህ አድርጉ።

1. ላይኛው በመጨረሻው ዙር ባር 1 ላይ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ይሰጣል።
2. ባር 9 እስከ 12 ስትደርሱ ሦስት ጊዜ ድገሟቸው። ታችኛው «አንድ»፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» ብሎ ይጥራ።
3. ሦስተኛው ላይ ባር 11 ስትደርሱ ቤዙ ምት 1 ላይ ኤፍን መትቶ ይቆማል። ባር 12ን አትጫወቱም።
4. በዚያው ምት የታችኛው ቀኝ እጅ ኢ-ፍላትና ኤን፣ የላይኛው ሁለት እጅ ጂንና ሲን በሁለት ኦክታቭ ይመታል። አራቱም እጅ አንድ ላይ።

እጃችሁን አታንሱ። ድምፁ እስኪጠፋ ያዙት፣ ከዚያ አብራችሁ አንሱ።